ጌም ማጫወቻ የኮምፒውተርን ቦታ ይይዛል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው በተለያየ ከተማና አገር የሚኖሩና የማይተዋወቁ ቢሆኑም፣ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ በእጅ ያለ ወይም ሊገዛ የታሰበ ጌም ማጫወቻ ኮምፒውተር መተካት ይችል እንደሆነ። ጥያቄው የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ የሚመለከት በመሆኑ ሦስቱንም በአንድነት አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ለልጄ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የተባለውን ጌም ማጫወቻ ልኮለታል። ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እየተዘጋጀ ሲሆን ፍላጎቱ ሲቪል ምሕንድስና ማጥናት ነው። ላፕቶፕ ልገዛለት ገንዘብ ማጠራቀም ስጀምር ግን እሱ ራሱ «እማዬ፣ ብርሽን አታባክኚ፤ ኪቦርድና ማውስ ብቻ ግዢልኝ። ይኸው ኮምፒውተር ነው፤ እንዲያውም ከላፕቶፕ ይበልጣል» አለኝ። ልጄን አምነዋለሁ፤ እኔ ግን ስለ ዕቃው የማውቀው ነገር ስለሌለ መወሰን ከብዶኛል።
አንዲት እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጅዎ የነገረዎት መሠረት የሌለው ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በ299 ዶላር ለገበያ የቀረበው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ በውስጡ ባለ ስምንት ኮር (የስሌት ክፍል) የኤኤምዲ ፕሮሰሰር፣ 10 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) እና 512 ጊጋባይት የሚይዝ ፈጣን ኤስኤስዲ (የፋይል ማከማቻ) አለው፤ በስሌት ጉልበት ብቻ ቢመዘን በመካከለኛ ዋጋ ከሚሸጡ ላፕቶፖች ብዙዎቹን ይበልጣል። ኪቦርድና ማውስ በዩኤስቢ ይቀበላል። ኤጅ የተባለው የማይክሮሶፍት ብሮውዘርም ስላለው፣ ኢንተርኔት እስከተገኘ ድረስ ኢሜይል መላላክ፣ በጉግል ዶክስ ወይም በድረ ገጽ በሚሠራው ዎርድ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ እንደ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች ያሉትን በኢንተርኔት የሚሰጡ ሥልጠናዎች መከታተል ይቻላል። ስለዚህ ልጅዎ ጌሙ እንዳይወሰድበት ሰበብ ፈጠረ ብለው እንዳይቀየሙት።

ይሁን እንጂ አንድን መሣሪያ ለተማሪ ኮምፒውተር የሚያደርገው ፈጥኖ ማስላቱ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ የሚያስፈልገውን ፕሮግራም ራሱ መርጦ ሊጭንበት መቻሉ ነው፤ በጌም ማጫወቻ ላይ የሚጎድለውም ይኸው ነው። የዚህ ምክንያቱ የንግዱ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አፕልና የጌም አምራቹ ኤፒክ ጌምስ በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ሲከራከሩ በምስክርነት የቀረቡት የማይክሮሶፍት የሥራ ኃላፊ ሎሪ ራይት፣ ኩባንያቸው የኤክስቦክስን መሣሪያ በትርፍ ሸጦ እንደማያውቅ ተናግረዋል። ትርፉ የሚገኘው ከጌም ሽያጭ፣ ከወርሃዊ ክፍያና ሌሎች ኩባንያዎች በመሣሪያው ላይ ጌማቸውን በሸጡ ቁጥር ከሚያስገቡት ድርሻ ነው። ይህ ገቢ እንዳይቋረጥ መሣሪያው የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ ያረፈበትን ፕሮግራም ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ይሠራል። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የሚፈልጋቸው የንድፍ መሥሪያው አውቶካድ፣ የሕንፃ አወቃቀር ማስሊያው ኢታብስና በማሽኑ ላይ የሚጫነው ሙሉው ኤክሴል ደግሞ ለኤክስቦክስ አልተዘጋጁም። ፕሮሰሰሩ ሊያንቀሳቅሳቸው ቢችልም እንኳ የሚገቡበት በር የለም።

ምናልባት ልጅዎ «የገንቢዎች ሞድ» የሚባል ነገር እንዳለ ይነግርዎት ይሆናል፤ እውነት ነው፣ አለ። ይህ ሞድ ሲከፈት ሰው የራሱን ፕሮግራም በኤክስቦክስ ላይ እንዲሞክር ያስችለዋል። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚጻፈው ቪዥዋል ስቱዲዮ የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ በተጫነበት የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ወደ ኤክስቦክሱ የሚላከው ከተጻፈ በኋላ ነው። ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ይህ መንገድ አይጠቅመውም።

በእኔ አስተያየት ከፕሮግራሙ ይልቅ ውሳኔውን ሊያቀልልዎት የሚገባው የዶርም ኑሮ ነው። ይህ ዕቃ የራሱ ስክሪን ስለሌለው ቴሌቪዥን ይፈልጋል፤ ብዙ ተማሪዎች በሚጋሩት የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን የት ይቀመጣል? ባትሪም የለውም። መብራት በጠፋ ቅጽበት ማሽኑ ድርግም ይላል፤ ያልተቀመጠ ሥራም አብሮ ይጠፋል፤ ላፕቶፕ ግን የያዘውን ጨርሶ፣ ሥራውን ቆጥቦ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል። ዛሬ መምህራን ሃንድአውቱን የሚያደርሱት አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም ነው፤ ተማሪውም ፒዲኤፉን በየኮርሱ በፎልደር አደራጅቶ፣ በፍላሽ ገልብጦ ወደ ማተሚያ ቤት ይወስዳል። በኤክስቦክስ ላይ ፋይልን በዚህ መልክ ማደራጀትና ማዘዋወር አይቻልም። ወደ ቤተ መጻሕፍት ይዞት መሄድማ የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ ማጠራቀምዎን አያቋርጡ። አዲስ ላፕቶፕ የግድ አይደለም፤ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ያገለገለም ይበቃል። ሲገዙ ግን ሦስት ነገር ያስጠይቁ። ራሙ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ዲስኩ የቀድሞው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ሳይሆን ኤስኤስዲ ይሁን፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ይሁን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃና ዊንዶውስ 11 ከዚያ የቆዩትን ፕሮሰሰሮች በይፋ ስለማይቀበል፣ ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው» ብሎ ቢያሞግስልዎትም ጄኔሬሽኑን ሳይመለከቱ ገንዘብ አይክፈሉ። ወንድምዎ ሌላ ስጦታ ለመላክ ካሰቡም በአሜሪካ ታድሰው ከሚሸጡት የቢሮ ላፕቶፖች አንዱን ቢልኩለት ለትምህርቱ ትልቅ እገዛ ይሆነዋል።

ኤክስቦክሱ ቤት ይቆይለት፤ በዕረፍት ጊዜው ይጫወትበታል። ገና ካልሰካችሁት ግን ከሥሩ የታተመውን የኤሌክትሪክ መግለጫ አስቀድማችሁ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በአገራችን 220 ቮልት ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ መሰካት ያቃጥለዋል።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ወደ ፕሌይስቴሽን 4 ከተሸጋገርኩ ወዲህ የቀድሞዎቹ ፕሌይስቴሽን 3 ማሽኖች ያለ ሥራ ተቀምጠዋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት በመጀመሩ የሰፈራችን ወላጆች ልጆቻቸው ኪቦርድ እንኳ ነክተው እንደማያውቁ እየነገሩኝ ያዝናሉ። እነዚህን ማሽኖች ወደ ኮምፒውተር ለውጬ ከሰዓት በፊት ማስተማሪያ ባደርጋቸው ብዬ አስቤአለሁ። ሊኑክስ የተባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደሚጫንባቸው፣ የአሜሪካ አየር ኃይልም እንደ ኮምፒውተር እንደተጠቀመባቸው ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ከሆነስ እንዴት ላድርገው?
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ የሰሙት ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሳብዎም የሚያስመሰግን ነው። የሚያሳዝነው ግን ያ በር ከተዘጋ ብዙ ዓመት ማለፉ ነው። እንዴት እንደተከፈተና እንደተዘጋ በዝርዝር ልንገርዎት፤ ይህን ታሪክ ያወቀ ሰው ጌም ማጫወቻን በኮምፒውተር ምትክ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

ጌም ማጫወቻን ኮምፒውተር የማድረግ ፍላጎት አዲስ አይደለም። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን ያወጣውን ማጫወቻ «ፋሚሊ ኮምፒውተር» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ በ1984 ደግሞ ልጆች በቤዚክ ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፉበትን ኪቦርድ አከለለት። ሶኒም በ2002 በአሜሪካና በአውሮፓ ለፕሌይስቴሽን 2 የሊኑክስ ዕቃ አቀረበ፤ ካርቶኑ ውስጥ ባለ 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ኪቦርድ፣ ማውስና የኔትወርክ መገጣጠሚያ ነበረው። ለአውሮፓ ገበያ ከማሽኑ ጋር በሚሰጠው ዲስክም ያቤዚክ የተባለ ፕሮግራም መጻፊያ ያካትት ነበር። በዚያው ዘመን ሶኒ ከአውሮፓ የጉምሩክ ባለሥልጣናት ጋር ባደረገው ክርክር ፕሌይስቴሽን 2 መጫወቻ ሳይሆን ኮምፒውተር ተብሎ እንዲመደብለት ይጠይቅ ነበር፤ ምድቡ የቀረጡን መጠን ይወስን ነበርና። ኩባንያው ራሱ «ኮምፒውተር ነው» ብሎ ይሟገት እንደነበረ ያስታውሱልኝ፤ ከዚህ በታች ለምነግርዎት ያስፈልገናል።

ፕሌይስቴሽን 3 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ሲወጣ በማውጫው ውስጥ «አዘር ኦኤስ» የሚል ምርጫ ነበረው። ተጠቃሚው ሃርድ ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ላይ ሊኑክስ እንዲጭን በይፋ ተፈቅዶለት ነበር፤ የሎ ዶግ የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም ለዚሁ ማሽን ተዘጋጅቶ ቀረበ። ሳይንቲስቶችን የሳበው ከሶኒ፣ ከቶሺባና ከአይቢኤም በጋራ የተሠራው ሴል የተባለው ፕሮሰሰር ነው። ሴል ከአንድ ዋና ኮር ጎን ለጎን ተመሳሳይ ስሌቶችን በከፍተኛ ፍጥነት የሚሠሩ በርካታ ረዳት ኮሮች ነበሩት፤ ሶኒም ማሽኑን ከጌም አተርፋለሁ ብሎ ከወጪው በታች ይሸጠው ስለነበር፣ ለስሌት የሚፈልገው ሰው ያንን ጉልበት በሌላ መንገድ ሊያገኘው በማይችለው ዋጋ ያገኘው ነበር። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ዳርትማውዝ የፊዚክስ ተመራማሪ የነበሩት ጋውራቭ ካና እ.ኤ.አ. በ2007 ስምንት ፕሌይስቴሽን 3 ማሽኖችን አገናኝተው ስለ ጥቁር ጉድጓዶች የሚያደርጉትን ስሌት ሠሩባቸው።

የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪም በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ሮም ከተማ 1,760 ገደማ ማሽኖችን አስተሳስሮ በ2010 መጨረሻ «ኮንዶር» የተባለውን ሱፐር ኮምፒውተር አስመረቀ፤ ወጪውም ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በሴኮንድ 500 ትሪሊዮን ያህል ስሌት ይሠራ ስለነበር፣ ለዚያ ዓይነት አቅም ይህ እጅግ አነስተኛ ዋጋ ነው። በርስዎ መደርደሪያ ላይ ያሉት ማሽኖችም የእነዚያው ወንድሞች ናቸው።

አሁን ወደ መዘጋቱ እንምጣ። በሴፕቴምበር 2009 የወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 3፣ ማለትም «ስሊም» የሚባለው፣ ከመጀመሪያውም አዘር ኦኤስ አልነበረውም። በጃንዋሪ 2010 ጆርጅ ሆትዝ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ የማሽኑን ጥበቃ ጥሶ መግባቱን አስታወቀ፤ የተጠቀመውም ይህንኑ የሊኑክስ በር ነበር። ሶኒ የደኅንነት ሥጋትን ምክንያት በማድረግ ኤፕሪል 1 ቀን 2010 በወጣው 3.21 በተባለው ማሻሻያ ምርጫውን ከነባሮቹ ማሽኖች ላይም አጠፋው። ማሻሻያውን አልጭንም ያለ ሰው ሊኑክሱን ይዞ ይቀራል፤ ነገር ግን በኢንተርኔት መጫወት፣ ከሶኒ መደብር መግዛትና አዳዲስ ጌሞችን ማስነሳት ይከለከላል። ማሻሻያውን የጫነ ደግሞ በሊኑክሱ ክፍል ያስቀመጠው ሥራ ከእጁ ይወጣል። ገንዘብ ተከፍሎበት ቤት የገባ ዕቃ ከተሸጠ ከዓመታት በኋላ አንዱ ትልቅ አገልግሎቱ በአንድ ማሻሻያ ተወሰደ። የኮንዶር ማሽኖች ለጌም ከኢንተርኔት ጋር ስለማይገናኙ ማሻሻያው አልደረሰባቸውም፤ ለጥገና ወደ ኩባንያው የሚላክ ማሽን ግን ያለ አዘር ኦኤስ ሊመለስ ስለሚችል፣ አየር ኃይሉን ያህል ባለ አቅም ተቋም እንኳ የመለዋወጫ ጉዳይ አሳስቦት ነበር።

በአሜሪካ ገዢዎች ወዲያውኑ በጋራ ክስ መሠረቱ። ጉዳዩ ዓመታት ፈጅቶ በ2018 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ቢዘጋም አዘር ኦኤስ አልተመለሰም። እኔ በዚህ ጉዳይ ሶኒ ጥፋት ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። ቀረጡ ሲመጣ «ኮምፒውተር ነው» ብሎ የተከራከረ ኩባንያ፣ ገዢዎቹ ኮምፒውተር አድርገው ሲጠቀሙበት ያንኑ መብት መልሶ መንጠቁ ተገቢ አልነበረም።

የርስዎን ማሽኖች ማወቅ ከፈለጉ በማውጫው «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ይክፈቱ። 3.15 ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር ካዩና ማሽኑ ወፍራሙ ዓይነት ከሆነ አዘር ኦኤስ እስከ ዛሬ አለ ማለት ነው። ይህን ማግኘትዎ ግን ያጠራጥረኛል፤ ከ2010 በኋላ የታተሙ የጌም ዲስኮች ማሻሻያውን ይዘው ስለሚመጡ፣ በየዓመቱ አዲስ ፊፋ ያስገባ ፕሌይስቴሽን ቤት ማሽኖቹን ሳያሻሽል መዝለቅ አይችልም ነበር። ቁጥሩን ወደ ኋላ የሚመልስ ይፋዊ መንገድ የለም። «ክራክ አድርጌ እጭንልሃለሁ» የሚሉ ባለሙያዎች ይኖራሉ፤ ሥራቸው በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ቢሳካም በሌሎቹ ላይ ማሽኑን እስከ መጨረሻው ሊገድለው ይችላል።

ተሳክቶ ሊኑክስ ቢጫን እንኳ ልጆቹ የሚያገኙት ነገር የሚያስደስት አይሆንም። ፕሌይስቴሽን 3 ዋናው ራሙ 256 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ የዛሬ ብሮውዘር አንድ ገጽ ለመክፈት ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ሶኒ ሊኑክሱ የግራፊክስ ቺፑን በሙሉ አቅሙ እንዳይጠቀም ዘግቶት ስለነበር መስኮት መክፈትና መዝጋቱ ራሱ ይንቀራፈፋል። ፕሮሰሰሩ ከተለመደው የኢንቴልና የኤኤምዲ ቤተሰብ ሳይሆን ከፓወር ፒሲ ወገን በመሆኑም ዋና ዋናዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ድጋፋቸውን ትተዋል፤ ደቢያን ለምሳሌ በ2017 ካወጣው እትም ጀምሮ አሮጌውን ፓወር ፒሲ ከዝርዝሩ አውጥቶታል። በመብራትም በኩል የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ሲሠሩ እስከ 200 ዋት የሚጠጋ ኃይል ይወስዳሉ፤ ይህ ለበርካታ ላፕቶፖች የሚበቃ ነው።

ሐሳብዎን ግን እንዳይተዉት እለምንዎታለሁ። ለኮምፒውተር ክፍል ከሚያስፈልገው ወጪ ብዙውን እርስዎ ከፍለው ጨርሰዋል። ክፍሉ፣ ጠረጴዛውና ወንበሩ አለ፤ የኤሌክትሪክ መሥመሩ ተዘርግቷል፤ ከሁሉም በላይ ቴሌቪዥኖቹ ኤችዲኤምአይ ስላላቸው ለኮምፒውተር ስክሪንነት ያገለግላሉ። የሚቀርዎት ሣጥኑን መለወጥ ነው። ከቢሮ የወጡ ትናንሽ ዴስክቶፖችን አንድ በአንድ እየገዙ መተካት ይችላሉ፤ ኤችዲኤምአይ የሌለው ሲገጥምዎት ዲስፕሌይፖርትን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጥ ገመድ ይበቃዎታል። ማሽኖቹ አሮጌ ቢሆኑም ቀለል ያለ ሊኑክስና ሊብረ ኦፊስ የተባለውን ነፃ የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራም ያለ ችግር ይሸከማሉ፤ የፈቃድ ክፍያም የለባቸውም። ኢንተርኔት ባይኖር ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን፣ አማርኛውንም ጨምሮ፣ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ያስነብባል። መጀመሪያ በሁለት ማሽን ብቻ ይጀምሩ፤ ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ማውስ ተቆጣጥሮ ምርጫ መንካትን፣ ኪቦርድ ሳያይ መጻፍን፣ የጻፈውን መቆጠብን መልመድ ነው።

ፕሌይስቴሽን 3ዎቹንም ቢሆን አይጣሏቸው። በፍላሽ የተጫነ ቪዲዮ ስለሚያጫውቱ የትምህርት ቪዲዮ ለክፍሉ ለማሳየት ይሆናሉ። ፍላሹ ፋት 32 በተባለው ዓይነት ፎርማት መደረግ አለበት፤ በዚህ ፎርማት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይያዝ ረጃጅሞቹን ቪዲዮዎች ከፋፍለው ይጫኑ። ቪዲዮው ኤምፒ 4 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ይከፈታል።

ጥያቄ፦ በጀርመን ፍራንክፈርት የነርስነት ሥልጠና እየተከታተልኩ ነው። ያለኝ ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ብቻ ስለሆነ፣ ጌምም ልጫወትበት የትምህርት ቤት ሥራዬንም ልሠራበት ስለምፈልግ ስቲም ዴክ የተባለውን በእጅ የሚያዝ ጌም ማጫወቻ እንድገዛ ጓደኞቼ መክረውኛል። እውነት እንደ ኮምፒውተር ይሆናል? በአማርኛስ መጻፍ እችላለሁ? ለቤተ ክርስቲያናችን የሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፎችን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።
እኅታችሁ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ስቲም ዴክ ከላይ ከተነጋገርንባቸው መሣሪያዎች ጋር ለጌም በመሠራቱ ይመሳሰል እንጂ በባሕርይው ይለያል። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ሲያወጣው እንደማንኛውም ፒሲ ባለቤቱ የፈለገውን እንዲጭንበት ክፍት አድርጎታል፤ ዊንዶውስ መጫን ለሚፈልግ ሰው እንኳ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባቡ ፕሮግራሞች) ራሱ ያቀርባል። ራሙም 16 ጊጋባይት ነው። በውስጡ ያለው ስቲም ኦኤስ ከአርች ሊኑክስ የተወሰደ ሲሆን፣ «ፓወር» ከሚለው ማውጫ «ወደ ዴስክቶፕ ቀይር» የሚለውን ሲመርጡ ጌሙ ይዘጋና ኬዲኢ የተባለው የተሟላ የኮምፒውተር ገጽ ይከፈታል። ከዚያ ዲስከቨር ከተባለው መደብር ፋየርፎክስን፣ ሊብረ ኦፊስንና ሌሎችንም በነፃ ያወርዳሉ።

ለሥራ ሲያስቡት ግን በዋጋው ላይ የሚጨመር እንዳለ ይወቁ። የመጀመሪያው ሞዴል ስክሪኑ 7 ኢንች ነው፤ በዚህ ላይ ረጅም ጽሑፍ ማዘጋጀት ዓይንም አንገትም ይጎዳል። ሞኒተር ወይም ኤችዲኤምአይ ያለው ቴሌቪዥን፣ ኪቦርድ፣ ማውስና ሁሉንም በአንድ ዩኤስቢ ሲ መሰኪያ የሚያገናኝ መከፋፈያ ያስፈልግዎታል። መከፋፈያው ቻርጅ የሚያሳልፍ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ። እነዚህ በቤትዎ ካሉ ስቲም ዴክ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ኮምፒውተር ነው። ከሌሉና ወደ ክፍል ይዘውት የሚሄዱ ከሆነ ግን በዚያው ገንዘብ ላፕቶፕ ይግዙ፤ በንግግር መካከል ማስታወሻ የሚይዝ ሠልጣኝ ተዘርግቶ የሚጻፍበት ኪቦርድ የግድ ያስፈልገዋል። የሥልጠና ተቋምዎ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የሚያዝዝ መሆኑንም አስቀድመው ይጠይቁ።

አማርኛ ማንበቡ የሚያስቸግር አይደለም፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ ስለገባ ነፃ የግዕዝ ፎንቶች በሊኑክስም አሉ። ፎንት ከጎደለ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን አውርደው በቤትዎ ፎልደር ሥር ያስቀምጡ። መጻፉ ላይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ ካለዎት፣ እሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ በስቲም ኦኤስ ላይ በቀጥታ አይሠራም። በሊኑክስ የሚጫኑ የአማርኛ መጻፊያዎች ቢኖሩም፣ ስቲም ኦኤስ ዋናውን የሲስተም ክፍል ለለውጥ ዝግ አድርጎ ስለሚይዘውና በየማሻሻያው እንደገና ስለሚጽፈው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የጫኑት ነገር በሚቀጥለው ማሻሻያ ሊጠፋብዎት ይችላል። ከዲስከቨር የወረዱት ፕሮግራሞች በራስዎ ክፍል ስለሚቀመጡ አይነኩም። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀለው በብሮውዘር ውስጥ መጻፍ ነው። ኪማን በድረ ገጹ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ የጉግል ኢንፑት ቱልስም እንደዚሁ። በላቲን ፊደል ድምፁን ሲጽፉ ወደ ግዕዝ ይለውጡታል፤ ከዚያ ጽሑፉን ገልብጠው በሊብረ ኦፊስ ያዘጋጃሉ። ለማሳተም ሲልኩ ፋይሉን በፒዲኤፍ ያውጡት፤ ፎንቱ አብሮ ስለሚታቀፍ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ወደ ባዶ ሣጥን አይለወጥም።